ሙሽሮቹ ያጀቡት ቀጠሮ

ዳባት ተወልጄ ያደግሁ፣ ጎንደር የተማርኩ ሰው ነኝ። ስሜ ፍሬሕይወት ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ግን ፍሬ ይለኛል። ይህ የምነግራችሁ ነገር የገጠመኝ የሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ የካንሰር ሕሙማን በሽታውን እንዴት እንደሚቋቋሙት የሚመረምር ነበር።

ርእሱን የመረጥኩት ድንገት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ለወራት ታማ አልጋ ላይ ስትቀር ቤታችን ውስጥ "ብርድ ነው" ይባል ነበር። ለቅሶዋም ላይ የተባለው ያው ነው፤ ብርድ። ጡቷን ይዛ ስታቃስት የሰማሁ ልጅ፣ ብርድ እንዲህ እንደማያደርግ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ አማካሪዬ "በምን ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ?" ሲለኝ አፌ ቀድሞኝ መለሰ።

ጥያቄዎቼ ጥሩ ነበሩ። አማካሪዬ አርሟቸዋል፤ እኔም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የቸገረኝ ሰው ማግኘቱ ነበር። ከደባርቅና ከዳባት ዙሪያ ጎንደር እየተመላለሱ የሚታከሙ ሕሙማን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በየቤቱ ስሄድ በሽታው ሌላ ስም ይዞ ይጠብቀኛል። አንዱ ቤት ጨጓራ ነው፣ ሌላው ቤት እብጠት ነው፣ ሌላው ቤት ደግሞ ጭራሽ ታማሚ የለም። በዚህ መሀል ደባርቅ የምትሠራ አንዲት ነርስ ስለ ወይዘሮ እንጉዳይ ነገረችኝ። የጡት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ኬሞ ከጀመሩ በኋላ አቋርጠው ቤታቸው ተቀምጠዋል። የልጃቸውን የማሬን ስልክ ሰጠችኝ። ስደውል ማሬ ብዙም አልጠየቀችኝም።

"ቅዳሜ ነይ" ብቻ አለችኝ። "ቅዳሜን እንዳታሳልፊ።"

ጥር ወር ነው፤ ጥምቀት አልፏል። መንደራቸው ከቡይት ራስ ወረድ ብሎ ነው። ደባርቅ ላይ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሳፈላልግ ያገኘሁት ወንበርና የለስላሳ ሳጥን የጫነ አይሱዙ ነበር።

"ሰርገኛ ነሽ?" አለኝ ሾፌሩ።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ዛሬ እዚያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ? የእትዬ እንጉዳይ ልጅ ነገ ነው የሚያገባው። አገሩ ሁሉ እዚያ ነው።"

ደነገጥሁ። ማሬ ስለ ሰርግ ትንፍሽ አላለችም። ግን ከመኪናው አልወረድኩም።

ስንደርስ ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፣ በሬ ታርዶ ይገፈፋል፣ ሴቶች በየምድጃው ዙሪያ ተሰብስበዋል። ማሬ ከርቀት አይታኝ እየሮጠች መጣች። ሠላሳዎቹን ያለፈች፣ ፊቷ ላይ የብዙ ሌሊት ድካም ያለባት ሴት ናት። ክንዴን ይዛ ከገብሱ ጭድ ክምር ጀርባ ወሰደችኝ።

"እናቴ አታውቅም" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ስሙን። እብጠት ነበር፣ ወጣልሽ ነው ያልናት። ኬሞውንም ማጠናከሪያ ነው እያልን ነው የወሰድናት። የምናውቀው እኔና አጎቴ ቄስ ሞላ ብቻ ነን። ይርጋ፣ ሙሽራው ወንድሜም አያውቅም።"

"ታዲያ እኔን ለምን ጠራሽኝ?"

ማሬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ያለፈውን ቀጠሮ ቀረች። ሐኪሞቹ የሰኞውንም ከቀረች እስካሁን የወሰደችው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል ብለውኛል። እሷ ደግሞ 'ድኛለሁ፣ እዚያ ምን ላድርግ?' ትላለች። የግድ ነው ብላት 'ለምን?' ትለኛለች። ለምን እንደሆነ እንዴት አድርጌ ልንገራት? አንቺ የተማርሽ ነሽ። ስሙን ሳትጠሪ አሳምኚልኝ።"

የምችለውን ያህል አስረዳኋት። የታመመችውን የማታውቅ ሰው ለጥናት መጠየቅ አልችልም። መዋሸትም አልችልም። የሕክምና ሰውም አይደለሁም።

"አትዋሺ፤ ዝም ብለሽ አጫውቻት" አለች ማሬ። እንባዋ ሊመጣ ሲል ከወዲያ ድምፅ ተሰማ።

"ማሬ! እዚያ ጭድ ሥር ምን ትሠሪያለሽ? ያቺስ የማን ልጅ ናት?"

ወይዘሮ እንጉዳይን ያየኋቸው ያኔ ነው። ረዘም ያሉ፣ የከሱ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። በእጃቸው ጭልፋ ይዘዋል። የታመመ ሰው አይመስሉም፤ የጦር አዝማች ነው የሚመስሉት።

"ጓደኛዬ ናት እናቴ፣ ከዳባት" አለች ማሬ።

"ከዳባት? እንግዲያው የሙሽራዋ ወገን ናታ! ቢላ ስጧት፣ ሽንኩርት ትላጥ። በነጻ የሚበላ የዳባት ሰው እዚህ የለም!"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ስቄ ተቀመጥሁና ሽንኩርት መላጥ ጀመርሁ። የጥናቴ የመስክ ሥራ በዚህ ተጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ዓይኔ በሽንኩርት ቀልቶ ሳለ ወይዘሮ እንጉዳይ በራፉ ላይ ቆመው ጠሩኝ። "አንቺ የዳባቷ፣ ነይ ጠላውን ቅመሺልኝ። የእናንተ አገር ሰው አፉ ክፉ ነው፤ ነገ ከምንታማ ዛሬ ንገሪኝ።"

ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ጋኖቹ ተደርድረዋል። በሩን ገርበብ አድርገው የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጠላ ግን አልቀዱልኝም።

"ከሐኪም ቤት ነው የመጣሽ" አሉኝ።

"አይደለም እናቴ። ተማሪ ነኝ።"

"የምን ተማሪ?"

አልዋሽም ብያለሁ። "ሰው በሽታን እንዴት እንደሚቋቋም የማጠና ተማሪ ነኝ።"

"የምን በሽታ?"

ዓይኔን ወደ ጋኖቹ አዞርሁ። ውጭ የሚጨፍሩ ወጣቶች ድምፅ ይሰማል። እሳቸው አይተውኝ ሳቅ አሉ።

"ላግዝሽ እንዴ? ካንሰር።"

የጆንያው ጫፍ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"ልጄና ወንድሜ እንዳላወቅሁ ነው የሚያውቁት" አሉ። "ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ ፋጡማ የምትባል ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ደባርቅ ጨርቅ ትነግዳለች። 'እህቴ፣ የትኛው ጡትሽ ነው?' አለችኝ። 'ኧረ የእኔስ እብጠት ነው' አልኳት። ማሬን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝና ዝም አለች። ማሬ ውሃ ልትገዛ ስትወጣ ነው እጄን ይዛ የነገረችኝ። 'የእኔም ልጆች እንዲህ አድርገውኝ ነበር፤ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው በሽታው አንድ ነው' አለችኝ። አላህ ይስጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ የምጸልየው በስሙ ነው።"

"ለማሬ ለምን አልነገሯትም?"

"እንዴት አድርጌ? ልጄ እኔን ለመሸሸግ ስንት መከራ በልታለች። ሰው ፊት ስቃ በረት ገብታ ስታለቅስ ከውጭ ሆኜ ሰምቻታለሁ። አውቃለሁ ብላት የደከመችበት ሁሉ አይፈርስባትም? ይርጋ ደግሞ አባቱ ሲሞት አንዴ ሰርጉን አፍርሷል። ይህን ቢሰማ ነገ አያገባም። ልጅቱ እስከ መቼ ትጠብቀዋለች?"

"ሰኞ ቀጠሮ እንዳለዎት ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ሰኞ ቅልቅል ነው። የሙሽራዋ ወገን ሊመጣ የሙሽራው እናት ሐኪም ቤት ናት ይባል?"

"ከሰኞ በኋላስ?"

ከጆንያው ተነሡና የአንዱን ጋን ክዳን አስተካከሉ። "ልጄን ድሬ ልይ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዚአብሔር ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሴትየዋ ተስፋ ቆርጠው አልነበረም፤ ቆርጠው ነበር። የልጃቸውን ሰርግ በሕይወታቸው ሊገዙት አስበዋል።

"ለማሬ እንዳትነግሪያት" አሉኝ ሲወጡ።

እንግዲህ አስቡት። ልጅቱ እናቴ እንዳታውቅ ብላ ታስጠብቀኛለች፤ እናትየዋ ልጄ እንዳታውቅ ብለው ያስጠብቁኛል። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ዝም ያሉት በመዋደዳቸው ነው። ቀጠሮው ደግሞ በዚያ ዝምታ መሀል እያለፈ ነው። ለአማካሪዬ ልደውል ብዬ ስልኬን ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ወደ ሽንኩርቴ ተመለስሁ።

በማግስቱ እሑድ ማለዳ ይርጋና ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊያመጡ ወደ ዳባት ሄዱ። መኪኖቹ እየጮኹ ሲርቁ ግቢው ጸጥ አለ። ወይዘሮ እንጉዳይ ለመልበስ ወደ ውስጥ ሲገቡ "ነይ፣ ሻሼን እሰሪልኝ፤ ማሬ ምድጃው ላይ ናት" አሉኝ።

አሮጌውን ሻሽ ሲፈቱት ጭንቅላታቸውን አየሁ። አንድም ፀጉር አልቀረበትም። በመስታወት አዩኝ።

"ያስፈራል?"

"ቅርጹ ያምራል" አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

"የሰርግ ቀን ሹሩባ አማረኝ። ይሁን፣ ይበቅላል ይላሉ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ይልቅስ አንቺ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ሽንኩርት ልጠሽ ልትመለሺ ነው? እኔ እንደሆንኩ አውቄአለሁ። ፈቅጃለሁ። ጥያቄሽን ጠይቂኝ።"

"አሁን?"

"ሙሽራ እስኪመጣ ምን ሥራ አለን?"

ነጭ አዲስ ሻሽ በእጄ እንደያዝኩ ከጥያቄዎቼ የመጀመሪያውን ጠየቅኋቸው። ቀላል ጥያቄ ነው፤ ሰውን ለማግባባት ብዬ ፊት ያስቀመጥኩት።

"ይህን በሽታ በሚታመሙበት ጊዜ አጠገብዎ ሆኖ የሚያግዝዎ ማን ነው?"

"ልጄ ማሬ ናት" አሉ ወዲያው። "ታበላኛለች፣ ታጥበኛለች። ወንድሜ ቄስ ሞላ ይጸልዩልኛል። ጎረቤቱ ሁሉ..." ብለው ቆሙ።

"መታመምዎን ሲያስቡ፣ ሲፈሩ ለማን ይነግራሉ?"

አሮጌውን ሻሽ በእጃቸው አጣጠፉ። በዳሱ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከሴቶቹ አንዷ ጨው ትጠይቃለች።

"ቤቱ ሙሉ ሰው ነው" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ ልጄ። ማንም የለኝም።"

ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ሻሹን አሰርኩላቸው፤ ጥበባቸውን ለበሱ፤ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ተመለሱ። እልልታው ከገደሉ ማዶ እየተስተጋባ ይመለሳል። ይርጋና ሙሽራዋ ሰላም በዳሱ መግቢያ በተነጠፈው ቄጠማ ላይ አልፈው እናቱ ፊት ደረሱ። ሰላም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እንደ ወጉ ድምፅዋን ሳታሰማ ነበር የመጣችው። ሁለቱም ተንበርክከው የወይዘሮ እንጉዳይን ጉልበት ሳሙ። ቄስ ሞላ በመስቀላቸው ባረኳቸው። ከዚያ የእናት ምርቃት ነው። ሰዉ "አሜን" ለማለት እጁን ዘረጋ።

"ውለዱ፣ ክበዱ" አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ።

"አሜን!"

"ቤታችሁ እህል አይጣ፣ በረታችሁ ላም አይጣ።"

"አሜን!"

"ከሁሉ በላይ ግን" አሉና ቆሙ። ማሬ ከጎኔ ናት። "ከሁሉ በላይ ግን አንዳችሁ ስትታመሙ ለሌላችሁ የምትነግሩ ያድርጋችሁ።"

አሜኑ ተበታተነ።

"እኔ ካንሰር ነው ያመመኝ" አሉ። "ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ማሬ፣ አውቃለሁ። አንቺም እንደምታውቂ አውቃለሁ። ይርጋ፣ አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው፤ ዛሬ ስማ።"

እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንሥተው ያሰርኩላቸውን ሻሽ ፈቱት። ዳሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ያን ባዶ ራስ አየ። ከሴቶቹ አንዷ "ወይኔ!" ብላ ልታለቅስ ስትል እጃቸውን ወደ እሷ ሰደዱ። "ዝም! ማንም እንዳያለቅስ፤ የሞተ ሰው የለም።"

ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "ቄስ ሞላ፣ እርስዎ ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያ ይይዛሉ። በጉልበትዎ ብቻ አይቆሙም። እኔን ግን ያለ መቋሚያ አቆማችሁኝ። አውቃለሁ፣ በፍቅር ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌአችኋለሁ። አሁን ግን ደክሞኛል። ነገ ቀጠሮ አለብኝ፤ እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አልሄድም።"

ማሬ ከአጠገቤ ጠፋች። ቀና ስል እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማለች። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እንዳያለቅስ የተከለከለው ሕዝብም ያለቅሳል። ይርጋ ተንበርክኮ እንደነበረ የእናቱን እግር ይዞ "እናትዬ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ" ይላል።

አንዲት አሮጊት ከኋላ ጮክ ብለው "ሙሽራ በማግስቱ ከጫጉላ ይወጣል? ኧረ ይህ ያልተሰማ ነው!" አሉ።

ያን ጊዜ ድምፁን በዚያ ቀን ማንም ያልሰማው ሰው ተናገረ። ሙሽራዋ ናት።

"እኔም እሄዳለሁ" አለች ሰላም፤ ቀና ብላ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ቄስ ሞላ ዞረ። እሳቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ሙሽራ ይቀመጥ ሲባል ሰምቻለሁ። እናት ትሙት የሚል ሥርዓት ግን አላነበብኩም። ይሂዱ። አሁን ግን፣ እኅቴ አልቃሽ አትፈልግም፤ ከበሮውን አምጡት!"

የዚያን ቀን የተጨፈረውን ጭፈራ ከዚያ በኋላ በየትም ሰርግ አላየሁም። ወይዘሮ እንጉዳይ ሻሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ ከልጃቸው ጋር እስክስታ ወረዱ።

ሰኞ ማለዳ ውርጭ የገብሱን ቃርሚያ አንጥቶት ነበር። ለቅልቅል የቆየው ሚኒባስ አበባውና ሪባኑ ግንባሩ ላይ እንደታሰረ ቆሟል። ሾፌሩ ሊፈታው ሲጀምር "ተወው" አሉት ወይዘሮ እንጉዳይ።

"እትዬ፣ ሐኪም ቤት በሪባን ይኬዳል?"

"ልጄን የዳርኩበት ነው። ተወው አልኩህ።"

ይርጋ ሱፉን ለብሶ ጋቢ ደርቦበታል። ሰላም ካባዋን እንደደረበች አማቷ አጠገብ ተቀመጠች። ማሬ፣ እኔና ሚዜዎቹ ከኋላ ተጨናንቀን ገባን። ደባርቅን በጥሩምባ አለፍናት። ሰው ሙሽራ መስሎት እጁን ያወዛውዝልናል፤ ሙሽራም ነበርን።

መከራው የመጣው ዳባት ላይ ነው። ትናንት በእልልታ የሸኟት ሙሽራ ዛሬ በማለዳ በዚያው መኪና ስትመለስ ያየ ሰው ወሬውን ከእኛ አስቀድሞ አድርሶታል። እኛ ገበያው አካባቢ ስንደርስ የሰላም አባት አቶ ካሤ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ዘመድ አዝማዱን አስከትለው መንገዱ መሀል ቆመዋል። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

"ልጄ ምን አጠፋች?" ጮኹ አቶ ካሤ። "ባደረች በማግስቱ የምትመልሷት ምን ብታጠፋ ነው?"

ሰላም በድንጋጤ ተሸፈነች። ይርጋ ሊወርድ ሲል ወይዘሮ እንጉዳይ ቀደሙት። መስኮቱን ከፍተው ያንን ባዶ ራስ አወጡት።

"አቶ ካሤ! ልጅዎ አንድ ጥፋት አጥፍታለች። አማቴ ብቻዋን አትሄድም ብላለች!"

ሰውየው ዱላቸውን እንደያዙ ቀሩ። "ወዴት?"

"ጎንደር። ካንሰር ልታከም።"

አስቡት፤ በአደባባይ፣ ዳባት መሀል፣ ከፀሐይ በታች፣ በሙሉ ድምፅ ነው ያሉት። እኔ የተወለድኩበት ሰፈር ከዚያ የድምፅ ርቀት ላይ ነው። አክስቴ የሞተችው እዚያ ነው። ሰማዩ ግን አልወደቀም። ማንም አልሸሸም። አቶ ካሤ ዱላቸውን ለአንዱ ዘመዳቸው ወርውረው "እንግዲያው ጠጋ በሉ" አሉና ገቡ። ሚስታቸው ደግሞ "ቆዩ! ለቅልቅሉ ያዘጋጀነውን ምን ልናደርገው ነው?" ብለው አንድ ትልቅ ድስትና መሶብ አስጫኑ። ከኋላችን ሌላ መኪና ተከተለን።

ጎንደር ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው እጁን አንሥቶ አስቆመን።

"ለፎቶ ከሆነ ፋሲል ግቢ ነው፤ ተመለሱ" አለን።

"ለኬሞ ነው" አለች ማሬ።

ያቺ ስሙን እንዳትጠሪ ያለችኝ ማሬ ናት። ጥበቃው ሙሽራዋን አየ፣ ወይዘሮ እንጉዳይን አየ፣ ገመዱን አወረደ።

ውስጥ መግባት የተፈቀደው ለጥቂት ሰው ነው። ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሻርፕ ያደረጉ ሴት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ እንጉዳይን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ ፋጡማ ናቸው።

"መጣሽ! ያለፈው ስትቀሪ ምን ሆነች ብዬ እኮ!" ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ፋጡማ ከኋላ የቆሙትን አዩ። ሱፍ የለበሰ ሙሽራ፣ ካባ የደረበች ሙሽራ፣ እንባዋን የምትጠርግ ልጅ። "ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ልጆቼ ናቸው" አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። "አሁን ሁላችንም እናውቃለን።"

ፋጡማ ሳቁና ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉላቸው።

ደማቸው ተመረመረ፤ መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚችሉ ተነገረን። ጠብታው ክንዳቸው ላይ ሲገባ አንድ እጃቸውን ማሬ፣ አንዱን ይርጋ ያዙ። ሲያቅለሸልሻቸው ሳህኑን የያዘችው ሰላም ናት፤ ካባዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ። ከጎን አልጋ ላይ ያሉ አንድ አዛውንት "ይህቺን ልጅ ከየት አመጣችኋት?" ብለው ጠየቁ።

"ከዳባት" አልኩ እኔ፤ ኮርቼ።

ቅልቅሉም አልቀረም። ከአጥሩ ውጭ ሣር ላይ የሁለቱ ወገን ዘመዶች ተቀምጠው መሶቡን ከፍተውታል። ዘፈን አልነበረም። ግን የማንም ታማሚ አስታማሚ በዚያ ሲያልፍ ሳይበላ አልተለቀቀም። አቶ ካሤ ለማያውቁት ሰው ሁሉ እያጎረሱ "የልጄ ቅልቅል ነው፣ ብላ" ይላሉ።

ወይዘሮ እንጉዳይ ሕክምናቸውን ጨረሱ። ከዚያ ሰኞ በኋላ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም። በመጨረሻው ምርመራ ሐኪሙ በሽታው አሁን እንደማይታይ፣ ክትትሉ ግን እንደሚቀጥል ነግሯቸዋል። እሳቸው የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ ሁለተኛውን ግማሽ የያዘችው ማሬ ናት።

ጥናቴ ውስጥ በሌላ ስም አስገባኋቸው። ረቂቁን ሳነብላቸው "ስሜን ለምን ደበቅሽው?" ብለው ተቆጡኝ። የጥናት ደንብ መሆኑን ባስረዳቸው "የእናንተም ደንብ እንደ ማሬ ነዋ!" ብለው ሳቁብኝ። ጥናቴን ስከላከል ከፈታኞቹ አንዱ "ተመራማሪዋ በተጠኚዋ ሕይወት ጣልቃ አልገባችም ወይ?" አሉ። ምንም እንዳልመከርኳቸው፣ ምስጢራቸውንም ለማንም እንዳልተናገርኩ፣ የጠየቅኋቸውን ብቻ እንደጠየቅሁ መለስሁ። "ግን" አልኩ፣ "ማንም ጠይቋት የማያውቅን ሰው መጠየቅ ራሱ ጣልቃ መግባት እንደሆነ ያን ቀን ተምሬአለሁ።" ፈታኙ ፈገግ አሉ። አለፍኩ።

ከተመረቅሁ በኋላ የማስተምርበት ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። ተውኩት። ዛሬ የምሠራው ከካንሰር ሕሙማንና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። ወላጆቼ "ከሞት ጋር መዋል ምን ይባላል?" ይሉኛል። ሞት ጋ አይደለም የምውለው። እጅ ለእጅ ከሚያያዙ ሰዎች ጋር ነው የምውለው።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከእናንተ ውስጥ ቤቱ ስሙ የማይጠራ በሽታ ያለበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ሁሉን ዘርግፉ አልላችሁም። ሁሉም ሰው ሁሉንም በአንዴ ማወቅ አይፈልግም፤ ያም መብቱ ነው። ግን ጠይቁት። "ስትፈራ ለማን ትነግራለህ?" በሉት። እኛ አገር የታመመን ሰው በማብላት፣ በማጠብ፣ በመጸለይ አንታማም። የሚጎድለን ይህቺ ጥያቄ ናት። እንዳይጎዳ ብለን የደበቅንበት ሰው ብቻውን እያወቀ፣ ብቻውን እየፈራ፣ ለእኛ ብሎ እየሳቀ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ጓዳ ውስጥ አግኝቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዳባት ገበያ ወጥቼ ወይዘሮ እንጉዳይን ድንገት አገኘኋቸው። አንድ ሙክት በገመድ ይዘው ከአንድ ገዢ ጋር በዋጋ ተጣልተዋል። ሰውየው ሄድ፣ መለስ ይላል፤ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

"እናቴ! ጤናዎ እንዴት ነው?"

ዞር ብለውም አላዩኝም። ዓይናቸው ገዢው ላይ ነው።

"ጤናዬን ሐኪሙ ይጠይቀኝ" አሉና ገመዱን እጄ ላይ ጣሉት። "አንቺ በጉን ያዢልኝ፤ ይህን ሰውዬ ልከተለው!"